ያበጡት ሦስቱ

ዛሬ የቆየ ማዘርቦርዴን (የኮምፒውተሬን ዋና ሰሌዳ) ይዤ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ያኔ የሁለት ወር ደመወዜን ያፈሰስኩበት፣ ባለ መዳብ ማቀዝቀዣ፣ ለጌም አፍቃሪ የተሠራ ነው የተባለለት።

ልጁ ብዙ አልተናገረም። መብራቱን አስጠግቶ በብሩሽ ጫፍ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የቆሙትን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች፣ አሳየኝ። የሦስቱ አናት አብጧል፤ ከአንደኛው የወጣው ቡናማ ፈሳሽ ከጀበና አፍ የወረደ ቡና መስሎ ደርቋል። "ጋሼ፣ አናታቸው ላይ ያለው ጭረት እኮ ለጌጥ አይደለም፤ ግፊቱ ሲበዛ እንዳይፈነዱ በእሱ በኩል ይተነፍሳሉ" አለኝ። ቀጥሎም "የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከተሠራበት በላይ ከፍ አድርገው ነበር?" ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ።

እንዲህ ያለ ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ግድም ያጥራል። እኔ ደግሞ ፍጥነቱን እየጨመርኩ ለዓመታት በሙቀት ጠብሼዋለሁ። መዳቡ ያማረ ነበር፤ ከሥሩ የተተከሉትን ግን አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየኋቸውም። ሻጩም ስለ እነሱ አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከቢሮ ጨረታ በርካሽ ያመጣው፣ ስቄበት የነበረው ማዘርቦርድ ግን ቤት አለ። ይህንን የምጽፈው በእሱ ነው።