ስም ያልሰጠው ሽማግሌ

ትናንት ሌሊት የአሜሪካዊውን ጸሐፊ የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» የተባለ ተውኔት ለሦስተኛ ጊዜ አንብቤ ስጨርስ፣ ከልቤ አልወጣ ያለኝ ዋናው ባለታሪክ ጆን ፕሮክተር ሳይሆን ጃይልስ ኮሪ የተባለው ነገረኛ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው በሦስተኛው ገቢር ችሎት ፊት ቀርቦ፣ ጎረቤቱ ፑትናም በገዛ ልጁ አፍ ሰው የሚያስወነጅለው የተከሳሹን መሬት ለመግዛት ነው ሲል ይከሳል። ዳኛው ይህን ማን እንደ ነገረው ሲጠይቀው ግን ስሙን አልናገርም ይላል። ከዚያ በፊት ሚስቱ መጽሐፍ እንደምታነብ በዋዛ ተናግሮ ለወህኒ ዳርጓታልና፣ የሰው ስም ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚያመጣውን አይቶታል። ችሎት በመድፈር ያዙት።

ታሪኩ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1692 በማሳቹሴትስ፣ ሳሌም ነው። «ጠንቋይ» ተብለው ከተከሰሱት 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ዕድሜው ወደ 80 የሚጠጋው ኮሪም ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየተከመረበት ሞተ። የችሎቱ ጉድ፣ ጥፋቱን ያመነ ነፍሱ ስትተርፍ የካደ መሰቀሉ ነበር፤ አመንሁ ያለ ደግሞ ግብረ አበሮቹን እንዲቆጥር ይጠየቃል። በቀይ ሽብር ዘመን በየቀበሌው «አጋልጥ» ይባል እንደ ነበር ከታላላቆቼ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ እቀመጣለሁ።

የሳሌሞቹን ተከሳሾች «ጠንቋይ» እያልን መተርጎማችን ግን ደስ አይለኝም። በእኛ አገር ጠንቋይ ደጅ የሚጠናና ፈርተውም ቢሆን የሚያከብሩት ሰው ነው። ለነገሩ የሚቀርበው ቡዳ ነው፤ ቡዳ በላው የተባለ ሰው እየለፈለፈ «እገሌ በላኝ» ሲል፣ ስሙ የተጠራው ሰው ምን ብሎ ራሱን ነጻ ሊያወጣ ይችላል? የሳሌም ልጃገረዶችም በችሎት እየጮኹ የተከሳሹ መንፈስ ሲያሠቃየን እናያለን ይሉ ነበር፤ ዳኞቹም ከእነርሱ በቀር ማንም ያላየውን ነገር በማስረጃነት ተቀበሉት።

ሚለር ተውኔቱን ለመድረክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1953፣ በአሜሪካ የኮሚኒስት አደን በተጧጧፈበት ወቅት ነው። ወዳጁ የነበረው አዘጋጅ ኤልያ ካዛን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የቀድሞ ጓደኞቹን ስም ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 ተራው የሚለር ሆነ። ስለ ራሱ የተጠየቀውን መለሰ፤ በአንድ የጸሐፊዎች ስብሰባ አብረውት የነበሩት እነማን እንደ ሆኑ ሲጠየቅ ግን ስም አልሰጥም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱን በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ፤ ፍርዱን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1958 ሻረው። ሦስት ዓመት አስቀድሞ በኮሪ አፍ ያኖረውን እምቢታ ራሱ ደገመው ማለት ነው፤ የተከሰሰበት ወንጀልም ያው መድፈር ሆነ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሚለር ከከሳሾቹ ልጃገረዶች አንዷን፣ በታሪክ 11 ዓመት ገደማ የነበረችውን አቢጌልን፣ ዕድሜዋን ከፍ አድርጎ የፕሮክተር ውሽማ አድርጓታል። ይህ ለመድረክ እሳት ቢጨምርም፣ የአንድ መንደር ሕዝብ ፍርሃትና የመሬት ጠብ ያመጣውን መዓት የአንዲት የተተወች ልጅ ቂም እንዲመስል ያደርገዋል። ፑትናምና መሬቱ ይበቁ ነበር እላለሁ።

የኮሪ አሟሟት ግን በመድረክ አይታይም፤ የፕሮክተር ሚስት ኤልሳቤጥ ናት በእስር ቤት ለባሏ የምትነግረው። እጁ በሰንሰለት የታሰረው ፕሮክተር ስለ ሽማግሌው ይጠይቃታል። እርሷም ድንጋይ እየጫኑ «መልስ ስጥ» ሲሉት «ክብደት ጨምሩ» ብሎ መሞቱን ትነግረዋለች። ፕሮክተር የሽማግሌውን ቃል አንድ ጊዜ ይደግመዋል።