ከ1 እስከ 65536

ቅዳሜ ማታ እህቴ ላፕቶፗን ታቅፋ ክፍሌ ገባች። ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማረች ነው። የቤት ሥራው ሁለት ቁጥር ተቀብሎ ከአንዱ እስከ ሌላው ያሉትን ኢንቲጀሮች (ሙሉ ቁጥሮች) መደመር፣ ውጤቱ ኢንት በሚባለው የቁጥር መያዣ ውስጥ ካልገባ ደግሞ ስህተት ብሎ ማቆም ነው።

«ወንድሜ፣ እስኪ እየው። ከ1 እስከ 65535 ስለው 2147450880 ይላል። 65536 ስለው ያንኑ ቁጥር ማይነስ አድርጎ ይመልስልኛል!»

እውነቷን ነው፤ አሃዞቹ አንድ ናቸው፣ ምልክቱ ብቻ ተገልብጧል። 32 ቢት ኢንት የሚይዘው እስከ 2147483647 ነው። የመጨረሻዋ 65536 ስትጨመር ድምሩ ጣሪያውን በ32769 ያልፋል፤ በእሷ ማሽን ላይ ከኔጌቲቩ ጫፍ ዞሮ መጣ።

ቼክ ሳታደርግ ቀርታ አይደለም። ደምራ ስታበቃ ድምሩ ከቀድሞው አንሶ እንደሆነ ትጠይቃለች። ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፋል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በሲ ሕግ ምልክት ያለው (ኔጌቲቭም መሆን የሚችል) ኢንቲጀር አንዴ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ለሚሆነው ነገር ዋስትና የለም። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይህ መቼም አይደርስም ብሎ ስለሚነሳ፣ ፖዘቲቭ ቁጥር ተደምሮበት የሚያንስ ድምር የለም ብሎ ቼኩን ጠራርጎ ሊያወጣው ይችላል። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር፣ ኮዱን የሚያፈጥነውን ኦ2 የሚባል አማራጭ አድርገን ስናስኬደው የስህተት መልእክቷ ብቅ አላለም።

ጀሪካን የሚሞላ ሰው የቀረውን ቦታ የሚያየው ሳይቀዳ ነው። እዚህም ከኢንት ማክስ (ኢንት ከሚይዘው ትልቁ ቁጥር) ላይ የሚደመረውን ቁጥር ቀንሰን፣ ድምሩ ከዚያ ከበለጠ ሳንደምር እናቆማለን። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ከኢንት ሚን (ከትንሹ ቁጥር) ላይ ቀንሶ፣ ድምሩ ከዚያ ያንሳል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ጂሲሲ ከ5ኛው ቨርዥን ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ፈንክሽን አለው፤ ሲ23 የሚባለው የሲ ስታንዳርድም ሲኬዲ አድ የሚባለውን አስገብቷል። እኔ ግን መጀመሪያ በእጇ እንድትጽፈው ፈለግሁ።

«ቀመሩን ብጠቀምስ?» አለች። ከ1 እስከ ኤን ለመደመር ኤንን በ(ኤን ሲደመር 1) አባዝቶ ለ2 ማካፈል። ይኸኛው እንዲያውም ቀድሞ ይሰበራል፦ ኤን 46341 ሲሆን መልሱ 1073767311 ብቻ ሆኖ ሳለ ብዜቱ ከጣሪያው ያልፋል። ከሁለቱ ተጋማሹን አስቀድሞ ለ2 አካፍሎ ማባዛት ያስፈልጋል።

ልትተኛ ስትል ሁለቱንም ጫፍ 2147483647 አድርጋ ሞከረችው። የሚደመረው አንድ ቁጥር ነው፣ ይገባል፤ መደመሩን የሚደጋግመው ሉፕ ግን ቆጣሪውን በአንድ ሊያሳድግ ሲል ቆጣሪው ራሱ ሞልቶ ይፈሳል። ጥቂት ዝም ብላ አየችው። ከዚያ መጨረሻው ላይ መድረሱን የሚጠይቀውን መስመር ከመደመሪያው በታች፣ ከቆጣሪው ጭማሪ በላይ አስገባችው።