በሃይላንድ የመጣው መድኃኒት

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ አትክልት የምንከባከበው እኛ ነን። ክረምቱ ሲወጣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ሣር ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ወረረው። ዝቅ አድርገን ብናጭደውም ንቅንቅ አላለም። ቅጠሉ መሬት ላይ ተለጥፎ ስለሚያድግ ማጨጃው በላዩ ያልፋል። የሚላጨው ሣሩ ነው፤ ሣሩ ሲላጭ ደግሞ አረሙ ፀሐይ ያገኛል።

አንድ ጠዋት ባልደረባችን በሃይላንድ መድኃኒት ይዞ መጣ። «ቱፎርዲ ነው፣ አታስቡ» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቱፎርዲ ስንዴና ገብስ ውስጥ የበቀለውን ሰፋፊ ቅጠል አረም መርጦ ያጠፋል፤ ሣራችንም የገብስ ወገን ነው። ግን ሃይላንዱ ላይ የመድኃኒቱ ስም የለም። መጠን የለም። ምንም የለም።

ተረጨ። ሳምንት አልፎ አረሙ ሲገረጣ ደስ አለን። ከዚያ ሣሩም ተከተለ። ቱፎርዲ ቢሆን የአረሙ ቅጠል ይጠማዘዝ ነበር እንጂ ሣሩ አይደርቅም። ሻጩ ዘንድ ሄደን ስናጣራ የተቀዳልን ግላይፎሴት ነው። እሱ ምርጫ አያውቅም፤ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ እስከ ሥሩ ያደርቃል።

ከሣሩ በላይ ያስደነገጠኝ ሃይላንዱ ነበር። የውሃ ፕላስቲክ እኮ ነው! የጠማው ሰው ወይም ልጅ አንስቶ ቢጎነጭለትስ? አሁን በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ ካልመጣ መጋዘን አይገባም።

የአረሙን ስም የነገሩን አብረውን የሚሠሩ እናት ናቸው። ካልተረጨው ዳር አንዱን ነቅለው «ልጄ፣ ይሄማ ጎርጠብ ነው» አሉኝ። «ማጭድ ሲቆርጠን አሽተን ቁስሉ ላይ እናደርገው የለ?» ተቀብዬ አየሁት። ቅጠሉ ረዘም ያለና ጫፉ የሾለ ነው። ከሥር እስከ ጫፍ ጎን ለጎን የሚሄዱ ወፋፍራም ጅማቶች አሉት። ቀስ ብዬ ስቀድደው ጅማቶቹ እንደ ክር ተሳቡ። አበባው ቅጠል በሌለው ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ያደርጋል።

«ሰው በሚረግጠው ቦታ ይወዳል» አሉ እትዬ። እውነታቸውን ነው። የበዛው ሠራተኛው መንገድ ለማሳጠር በሚያቋርጥበት መስመር ላይ ነበር። አፈሩ ተረግጦ ስለጠነከረ ሣሩ መተንፈስ አቅቶታል፤ ጎርጠብ ግን ይችለዋል።

ትክክለኛውን ቱፎርዲ እንግዛ ያሉም ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። ከአጥሩ ማዶ ባቄላ አለ። ባቄላም ሰፋፊ ቅጠል ነው፤ ነፋስ ትንሽ ብናኝ ከወሰደበት ይጎዳል። የሰው ማሳ አቃጥለን ሣር ልናሳምር?

ስለዚህ በእጅ ገባንበት። ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው በመኮትኮቻ ከነጉንዱ፣ ቅጠሎቹ ከሚነሱበት ከሥሩ አናት ጋር፣ እናወጣዋለን። ቅጠሉ ብቻ ከተበጠሰ ከጉንዱ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዘር ሳይዝ መድረስም ያስፈልጋል፤ ዘሩ ሲርስ ያጣብቃል፣ በጫማ ሥር ተለጥፎ ይዞራል። የጠነከረውን መሬት በአትክልት ሹካ ወጋግተን ብስባሽ ነሰነስንበት፣ ከጤነኛው ሣር ቆርጠን ተከልንበት። ማጨጃውንም ከፍ አደረግነው፤ ሣሩ ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች አይወርድም።

ሰዎቹ የሚያቋርጡበት ላይ ድንጋይ አነጠፍንላቸው። መከልከሉ አያዋጣም፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ማንም ዞሮ አይሄድም።