የሮደስ ሣር ቅጠል ሲያረጅ፦ ልኬቱን ያበላሸብን የቅጠል ስፋት

የቅጠል ዕድሜ ለመኖ በሚዘራው በሮደስ ሣር ብርሃን አስተፃምሮ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ስንከታተል ቆይተን፣ በዚህ ዙር የምናምነው የግራፍ መስመር ወጥቶልናል። ቅጠሉ ተዘርግቶ በጨረሰ ሰሞን የማምረት አቅሙ ጣራውን ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ናይትሮጅኑን ለአዳዲሶቹ ቅጠሎች እየለቀቀ ይወርዳል።

ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አይቀበርም። ሲበቅል ቡቃያውን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ማሳሳት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለም።

ዕድሜ የሚቆጠረው የቅጠሉ ጫፍ ብቅ ካለበት ቀን አይደለም። የሣር ቅጠል የሚያድገው ከስሩ በኩል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቅጠል ላይ እንኳ ጫፉ ከስሩ ይበልጥ ያረጀ ነው። ዜሮ ቀን የምንለው የቅጠሉ አንገት፣ ማለትም ግንዱን ካቀፈው ክፍል የሚለይበት መጋጠሚያ፣ ለዓይን የታየበትን ቀን ነው። ለምልክት ከጥልፍ ክር የሚሻል አላገኘንም፤ የፕላስቲክ ምልክት ይከብድና ቅጠሉን ያጎብጠዋል። ለየሳምንቱ አንድ ቀለም ይያዛል። ክሩ ግን ላላ ብሎ ይታሰር፤ ከጠበቀ ከውስጥ የሚወጣውን ቀጣይ ቅጠል ያንቃል። ንባቡም ሁልጊዜ ከቅጠሉ መሃል ይወሰድ።

ትልቁ ችግር የመጣው ቅጠሉ የሚስበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚለካው የጋዝ መለኪያ ነው። የመለኪያው መቆንጠጫ 2 በ3 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ መሣሪያው 6 ካሬ ሳንቲ ሜትሩ በሙሉ በቅጠል የተሸፈነ መስሎት ያሰላል። የሮደስ ቅጠል ግን ጠባብ ነው። ሁለት ቅጠሎች እኩል፣ በካሬ ሜትር በሰከንድ 30 ማይክሮሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባሉ እንበል። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው በ3 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 2.4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ መሣሪያው 12 ያነባል። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው 1.5 ይይዛል፤ መሣሪያው 7.5 ያነባል። አቅማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ከሲሶ በላይ የቀነሰ ይመስላል።

ይህ ስህተት ዝም ብሎ ቁጥር የሚያዛባ ቢሆን ቶሎ ይያዝ ነበር። በሣር ላይ ግን ቀድመው የወጡት የታች ቅጠሎች ከኋለኞቹ ጠበብ ይላሉ። ያረጀው ቅጠል ጠባቡም ስለሆነ፣ ስፋቱ ያመጣው ልዩነት የዕድሜ ልዩነት መስሎ ይቀመጣል። የሚጠበቀው መስመር ስለወጣ ማንም አይጠራጠረውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቅጠሉ መቆንጠጫው ውስጥ በሚገባበትና በሚወጣበት ጠርዝ ስፋቱን በካሊፐር ለክቶ አማካዩን በ3 ሳንቲ ሜትር ማባዛትና ከንባቡ በፊት መሣሪያው ላይ ማስገባት። ከልኬቱ ቀን በፊት ባለው ማታ ሣሩን ማጠጣትም ያስፈልጋል፤ ውኃ የጠማው ቅጠል ይጠቀለልና ስፋቱ ከእውነተኛው ያንሳል። ለጀማሪ ግን በዝሆኔ ሣር መጀመር ይሻላል፤ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ መቆንጠጫውን ይሞላል። ወፍራሙ የመሃል ጅማት አየር ስለሚያስገባ ከጅማቱ ጎን መቆንጠጥ ነው።

ጥላም ሌላው አሳሳች ነው። የታችኛው ቅጠል የደከመው አርጅቶ ነው ወይስ ተጋርዶ? ለቀናት በጥላ የቆየን ቅጠል በልኬቱ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማውጣት ጥያቄውን አይመልስም፤ ቅጠሉ አሠራሩን ከጥላው ጋር አስማምቷል። 40 ሳንቲ ሜትር የምንለውም ለዚህ ነው። ልኬቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቅ፤ ቀትር ላይ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይጠባሉ። የመሣሪያው አየር ማስገቢያ ቱቦ በ20 ሊትር ጀሪካን በኩል ይለፍ፤ ተንፍሰን የምናስወጣው አየር ከከባቢው አየር መቶ እጥፍ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለው አንድ ትንፋሽ ንባቡን ያናውጣል።

በክሎሮፊል መለኪያ ብቻ የቅጠልን ዕድሜ ውጤት አገኘን የሚሉትን አንቀበልም። የማምረት አቅሙ ቀድሞ ይወርዳል፤ አረንጓዴው ቀለም ግን ይቆያል። ለመኖ አጨዳ ቀን የሚጠብቁ ሰዎችም ማሳው አረንጓዴ መሆኑን አይተው የሚዘገዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስፋታቸው ያልተመዘገበ የቀድሞ ንባቦቻችን ሊስተካከሉ አይችሉም፤ ሁሉንም ጥለናቸዋል። አሁን በመዝገቡ ላይ ከክሩ ቀለም ቀጥሎ የሚሞላው ረድፍ ስፋት ነው፤ እሱ ባዶ ከሆነ ንባቡ አይወሰድም።