አባዬን በእሳት ሸኘሁት

ዛሬ ማታ ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ፣ ካሞ ወንዝ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ነሐሴ 10 ነው፣ በነሱ ኦገስት 16። ኦቦን የሚሉት በዓል የሚያበቃበት ቀን። የሞቱ ዘመዶቻችን ለጥቂት ቀናት ወደ ቤት ይመጣሉ ብለው ያምናሉ፤ ዛሬ ደግሞ በእሳት ይሸኟቸዋል። ቀን ላይ በእንጨት ላይ ስም ይጻፋል፣ ማታ ተራራ ላይ ከእሳቱ ጋር አብሮ ይቃጠላል። እኔም የአባዬን ስም በአማርኛ ጻፍኩ። ልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በምሥራቅ ባለው ተራራ "ትልቅ" የሚል ትርጉም ያለው ግዙፍ ፊደል በእሳት ቦግ ሲል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ፣ አጠገቤ የቆሙት እናት እጃቸውን አጋጥመው አንገታቸውን ደፉ፣ እኔም እንደሳቸው አደረግኩ። በሌሎች ተራሮች ላይ ያሉት አራት እሳቶችም በየ5 ደቂቃው ተከታተሉ። ከሦስት ቀን በኋላ አገር ቤት ቡሄ ነው። ችቦውን የሚያስርልን አባዬ ነበር።