ሰባተኛ ወር ከፕሮግ ጋር፦ ኒዮ-ፕሮግን «ቅጂ» ማለት ለምን ተውኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ ፕሮግ (ፕሮግረሲቭ ሮክ) ረጃጅምና ውስብስብ ዘፈኖች ያሉት የሮክ ዓይነት ነው፤ የእንግሊዙ ጀነሲስ ከቀደምት ባንዶቹ አንዱ ነው። ኒዮ-ፕሮግ ደግሞ እንደ ማሪሊየን ያሉ የእንግሊዝ ባንዶች በ1980ዎቹ ይዘውት የመጡት ተከታዩ ነው። በሦስተኛው ወር ማስታወሻዬ ላይ «ኒዮ-ፕሮግ የጀነሲስ ቅጂ ነው፤ ዋናው እያለ ምን ያደርግልናል?» ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። ያንን አስተያየቴን አንስቻለሁ። ያስነሳኝ ደግሞ ጊታሬ ነው።

ልምምዴ ያው እንደ በፊቱ ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት። መጀመሪያ በሄድፎን አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ከአልበሙ ጋር አብሬ ለመጫወት እሞክራለሁ። አንዱን ሳምንት ከ1970ዎቹ፣ ሌላውን ከ1980ዎቹ ወዲህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከቀደምቶቹ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የጀነሲስ «ሳፐርስ ሬዲ» ነው። በ1972 «ፎክስትሮት» አልበም ላይ የወጣ፣ 23 ደቂቃ የሚጠጋ ሥራ ነው። ወደ መጨረሻው ባለ 9 ምት ክፍል አለው። ዘጠኙ 3፣ 2፣ 4 ተብሎ ይከፈላል። ድራሙ፣ ባሱና ጊታሩ ይህችን ሳይለቁ ይደጋግማሉ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ቶኒ ባንክስ ግን ከላይ በኪቦርዱ እንደልቡ ይሄዳል፤ ምቱ እሱን የሚመለከተው አይመስልም። እኔ በቺክቺካ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስድስት ምት ከሆነ እግሬ ራሱ ያውቀዋል። እዚህ ግን ሁለቷ ላይ ስደርስ እግሬ አንድ ምት ይጨምርና ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጊታር ሳልነካ በጭብጨባ ብቻ ቆጠርኩ። አንድ ማታ ያለ ቆጠራ እጄ ራሱ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ኪቦርዱን በትክክል የሰማሁት። እነዚህ ሰዎች መንገዱን ራሳቸው እየጠረጉ ነበር የሚሄዱት። ያንን ማንም አይወስድባቸውም።

ከዚያ ወደ ማሪሊየን ዞርኩ። ከ1989ኙ «ሲዝንስ ኤንድ» አልበም «ኢስተር»ን መረጥኩ። የጊታሪስታቸውን የስቲቭ ሮዘሪን ሶሎ (ብቻውን የሚጫወተውን ክፍል) ኖታዎች በሁለት ማታ ያዝኳቸው። በቃ፣ ቀላል ነው አልኩ። የራሴን ቀድቼ ሳዳምጠው ግን ነፍስ የለውም። ኖታው ሁሉ ልክ ነው፤ ዜማው የለም። ክሩን ሲገፋው የት ላይ እንደሚያቆመው፣ አንዷን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያቆያት፣ ቀጣይዋን ከመምታቱ በፊት እንዴት እንደሚተነፍስ። ከባዱ ይሄ ነው። አምስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ግማሹ ገና አልመጣልኝም።

ቅጂ ያልኩት ሙዚቃ እንደዚህ ካስቸገረኝ፣ የተሳሳትኩት የምመዝንበት ሚዛን ላይ ነው ማለት ነው። የምት ውስብስብነትን ብቻ ነበር የምፈልገው። የኒዮ-ፕሮግ ባንዶች ግን ረጅሙን ዘፈን ይዘው ክብደቱን ወደ ዜማውና ወደ ግጥሙ አዛወሩት። ግጥሙ ላይ ልዩነቱ በጣም ይሰማኛል። «ሳፐርስ ሬዲ» ከዮሐንስ ራእይ ብዙ ይቀዳል። በ1983ቱ የማሪሊየን የመጀመሪያ አልበም ላይ ያለው «ፎርጎተን ሰንስ» ግን ሰሜን አየርላንድ ስለተላኩ የብሪታንያ ወታደሮች ነው። በዚያው ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ጉዳይ። የያኔው ዘፋኛቸው ፊሽ እዚያ ላይ ሲዘፍን ቆዳዬ ይቆማል።

ድክመት የለባቸውም አልልም። የማሪሊየንን «ግሬንደል» መጨረሻ ድረስ ስሙት፤ ያ የጀነሲስ 9 ምት ክፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚህ ላይ የሚተቹት ሰዎች እውነት አላቸው። አንዳንድ የ1980ዎቹ የኪቦርድ ድምፆችም አርጅተዋል፤ የ1970ዎቹ ሜሎትሮን (በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ ኪቦርድ) በዕድሜ ቢበልጣቸውም ለጆሮዬ እሱ ይሻላል።

ተጽዕኖን በተመለከተ የቀደምቶቹ ይበልጣል፤ እነሱ ባይኖሩ እነዚህም አይኖሩም ነበር። ግን የኒዮ-ፕሮግን አታሳንሱት። የማሪሊየን አልበም «ሚስፕሌስድ ቻይልድሁድ» በ1985 እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል፤ ያውም አንድ ላይ የተያያዘ ታሪክ ይዞ፣ ፕሮግ ሞተ ከተባለ ከዓመታት በኋላ። የዚያው አልበም ዘፈን «ኬይሊ» ከተሰማ ወዲህ ስንት እንግሊዛዊ ልጁን በዚህ ስም ጠርቷል! ሌላም አለ። በ1997 የማሪሊየን አድናቂዎች የባንዱን የአሜሪካ የኮንሰርት ጉዞ ወጪ ለመሸፈን በኢንተርኔት ተጠራርተው 60,000 ዶላር ገደማ አዋጡ። ባንዱ ከዚያ ተምሮ የ2001ዱን አልበም ገና ሳይቀዳ ሸጠው፤ ከ12,000 በላይ ሰው ቀድሞ ከፈለ። ሰው ለሥራ ገንዘብ በኢንተርኔት የሚያዋጣበት ኪክስታርተር እንኳ የተመሠረተው በ2009 ነው። ዛሬ ያለ አሳታሚ ኩባንያ አልበም ከሚሠሩ ባንዶች ብዙዎቹ በዚህ በር ነው የሚያልፉት። ለእኔ ይሄ ከማንኛውም ሶሎ እኩል ትልቅ ሥራ ነው።

በሚቀጥለው ወር የሌላውን የኒዮ-ፕሮግ ባንድ፣ የአይኪውን፣ «ዘ ሮድ ኦፍ ቦንስ» አልበም እይዛለሁ። በ2014 የወጣ ነው፤ ከበድ፣ ጨለም ያለ። ኒዮ-ፕሮግ በ1980ዎቹ ቀርቷል ለሚል ሰው መጀመሪያ የማሰማው እሱን ነው።

እስከዚያው የሮዘሪን ድምፅ የሞከራችሁ ካላችሁ ዲሌዩን (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን መሣሪያ) ስንት ላይ እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። የእኔ 400 ሚሊሰከንድ ላይ ነው፤ ትንሽ የሚቸኩል ይመስለኛል።