ሊዲትሴ ዋልኩ

ዛሬ ከፕራግ በአውቶቡስ ወጥቼ ሊዲትሴ በምትባል የቼክ መንደር ዋልኩ። የድሮው መንደር የነበረበት ቦታ አሁን ባዶ አረንጓዴ ሜዳ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1942 ናዚዎች የሹማቸውን የሃይድሪክን ደም እንበቀላለን ብለው 173 ወንዶችን በአንድ እርሻ ግቢ ረሸኑ። ሴቶቹን ወደ ራቨንስብሩክ ካምፕ አጋዙ። ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መቃብሩን ሳይቀር አፈራረሱት። ሙታኑ ምን አደረጓቸው?

ለተገደሉት የመንደሩ ልጆች የቆመው መታሰቢያ ጋ ስደርስ እግሬ ተሳሰረ። 82 የነሐስ ሕፃናት ተጠጋግተው ሸለቆውን ያያሉ። ቀራፂዋ ማሪዬ ኡኺቲሎቫ 20 ዓመት ገደማ ደክማባቸው፣ ሁሉንም በነሐስ ሳታያቸው እ.ኤ.አ. በ1989 አረፈች። ባሏ ነው የጨረሰላት።

አንዷ ትንሽ ልጅ እግር ሥር ሰው የጨርቅ ድብ አስቀምጧል። ዝናብ አርሶት ወድቋል። ጎንበስ ብዬ አቃናሁላት።